በ24 ፒክሰል የተደበቀው ክፍያ

«ልጄ፣ የሚቆረጥብኝ ስንት ነው?»

የጠየቁኝ ስልሳ ዓመት የተሻገሩ እናት ናቸው። ስልኬን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ሲፈልጉ ቆይተው ነው የጠየቁኝ።

«እዚያው ላይ አለልዎት እማማ፤ ከታች በኩል» አልኳቸው።

እርግጠኛ ነበርኩ። ያቺን መስመር የሠራሁት እኔ ነኝ። «የአገልግሎት ክፍያ፦ 12 ብር» ትላለች። ቦታዋ ከሚላከው ብር ሥር፣ ከበተኑ (ከሚጫኑት ቁልፍ) በላይ ነው።

«የለም» አሉ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም የለም። የተቀባዩ ስም አለ። 2,000 ብር አለ። ከታች ትልቁ አረንጓዴ በተን አለ። የምትቆረጠው ብር ግን የለችም።

«ሳላውቅማ አልነካውም» አሉና ስልኩን መለሱልኝ።

ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ነገሩ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ለአባላቱ አፕ እያሠራ ነበር፤ ዲዛይኑ የእኔ ሥራ ነው። ያን ቀን ጥቂት አባላት ጋብዘን፣ ስልኬ ላይ ባለው ፕሮቶታይፕ፣ ማለትም በአፑ የሙከራ ናሙና፣ ለልጃቸው ወይም ለወንድማቸው ብር እንዲልኩ ጠየቅናቸው። ብሩ የሙከራ ነው። ከእኚህ እናት በፊት የሞከሩ ሁለት ወጣቶች በተኑን ተጭነው አልፈዋል። ክፍያው አለመታየቱን አንዳቸውም አላነሡም። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አላየሁም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ከሁሉ በላይ ይሄ ነው። እሳቸው ባይጠይቁ ኖሮ እንደዚያው ሆኖ ያልፍ ነበር።

የአማርኛውን ጽሑፍ ያስገባሁት ሙከራው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ማታ ነው። ሁሉንም ስክሪን በእንግሊዝኛ ጨርሼ፣ ለአማርኛው ኮፒ አድርጌ፣ ቃሉን በቃል እየተካሁ ሄድኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እኔ ግን ያኔ እየሮጥኩ መሆኔ አልታወቀኝም። የምሠራበት የዲዛይን ሶፍትዌር፣ ፊግማ፣ ሳጥንን እንደ ይዘቱ የሚያስተካክል አውቶ ሌይአውት የሚባል መሣሪያ ስላለው፣ ጽሑፉ ቢረዝምም ቢያጥርም ዲዛይኑ ራሱን ያስተካክላል ብዬ ነበር።

የማታው ፍለጋ

ቤት ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። እንግሊዝኛውንና አማርኛውን ስክሪን ጎን ለጎን አደረግኋቸው። በእንግሊዝኛው የክፍያው መስመር ቁጭ ብሏል። በአማርኛው የለም። ሌየሮቹን፣ ማለትም ስክሪኑ የተሠራባቸውን ክፍሎች፣ ስቆጥር ግን በሁለቱም እኩል ነው። አልጠፋም ማለት ነው። ተደብቋል።

ስክሪኑ በስፋት 360፣ በቁመት 800 ፒክሰል ነው። ሁለት ክፍል አለው። የታችኛው በተኑን የያዘው ነው። ይህን «ሃግ» አድርጌዋለሁ፤ ይዘትህን እቀፍ፣ በልኩ ሁን ማለት ነው። የላይኛው ዝርዝሩን የያዘው ነው። ይህን ደግሞ «ፊል» አድርጌዋለሁ፤ የተረፈውን ቦታ ሙላ ማለት ነው። ፊግማ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን አደራደር ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል።

በእንግሊዝኛው ፋይል የበተኑ ቁመት 48 ነበር። በአማርኛው 72 ሆኗል። «ክፍያዎን ያረጋግጡ» የሚለው ጽሑፍ ተሰብሮ ሁለት መስመር ይዟል። የአንድ መስመር ቁመት 24 ነው። በተኑ በ24 ሲያድግ፣ እቀፍ የተባለው የታችኛው ክፍል አብሮ በ24 አደገ። ስክሪኑ ግን 800 ነው፤ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ 24ቱ ፒክሰል ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። የመጣው የተረፈውን ሙላ ከተባለው ከላይኛው ክፍል ነው። ከዚያ በፊት ከተረፈው አሁን የተረፈው በ24 ስላነሰ እሱም አጠረ። ውስጡ ያሉት መስመሮች ግን አላጠሩም። የመጨረሻዋ ከጠርዙ ውጭ ወደቀች። ከጠርዝ ያለፈውን ሁሉ የሚሰውረው ክሊፕ ኮንቴንት ደግሞ በርቷል።

የክፍያዋ መስመር ቁመትም 24 ነው። ልክ በልክ ተከደነች። ግማሿ ተቆርጦ ቢታይ ኖሮ አንዱ ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም ነበር። ሙሉ በሙሉ ስለተሸፈነች ስክሪኑ ምንም የጎደለው አይመስልም። ንጹሕ ነው። ያማረ ዲዛይን ይመስላል።

እያንዳንዱ እርምጃ በደንቡ መሠረት የተሠራ ነው። የታችኛው እንደታዘዘው አቀፈ። የላይኛው እንደታዘዘው ሞላ። ያለፈው እንደታዘዘው ተሰወረ። ስህተት የሠራ የለም፣ ክፍያው ግን ጠፋ።

አንድ ነገር ብቻ አልገጥም አለኝ። ጽሑፉ ለምን ተሰበረ? ያን በተን መጀመሪያ ስሠራው ሃግ አድርጌው ነበር። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። ጽሑፉ ሲረዝም ወደ ጎን መስፋት ነበረበት። አሁን ስነካው ግን በቀኝ በኩል ያለው ሰሌዳ የሚለው ሌላ ነው፤ ፊክስድ፣ 140። ስፋቱ በአንድ ቁጥር ተቆልፏል ማለት ነው።

ማን ነካው? መጀመሪያ የመጣብኝ ይህ ነው። ፋይሉን አብሮኝ የሚከፍት አንድ ባልደረባ አለ። «በተኑን ፊክስድ ያደረግከው አንተ ነህ?» ብዬ ጻፍኩለት። ከመላኬ በፊት የፋይሉን ታሪክ ወደኋላ እየከፈትኩ አየሁ። እሱ ወደዚያ ገጽ ገብቶም አያውቅም። መልእክቱን አጠፋሁት።

ልጅ ወላጁን ሲጠይቅ

ባዶ ፋይል ከፈትኩ። ከዜሮ ልሞክረው አልኩ። አንድ ቃል ጻፍኩ፣ አጠገቡ ትንሽ ቀስት አደረግሁ፣ ሁለቱን በአውቶ ሌይአውት አሰርኳቸው። የያዛቸው ሳጥን፣ ፍሬሙ፣ ሃግ ሆነ። ቃሉን አስረዘምኩ፤ ፍሬሙ ሰፋ። አሳጠርኩ፤ ጠበበ። እስከዚህ ሁሉም ደህና ነው።

ከዚያ በዚያ በተን ላይ ያደረግሁትን አስታወስኩ። ቀስቱ ወደ ቀኝ ጫፍ እንዲጠጋ ፈልጌ ነበር። ለዚያ ብዬ ጽሑፉን ፊል አድርጌዋለሁ። የቀረውን ቦታ ይሙላና ቀስቱን ይግፋው ብዬ። አሁንም እንደዚያው አደረግሁ። ጽሑፉን መርጬ ፊል አልኩ። በዚህ ጊዜ ግን ዓይኔን ከጽሑፉ አንሥቼ ወላጁ ላይ ጣልኩ፤ ውስጥ ያለው ልጅ፣ የያዘው ፍሬም ወላጅ ይባላል።

ሃግ የሚለው ፊክስድ ሆነ።

ስክሪኑ ላይ የተንቀሳቀሰ ነገር የለም። አንድም ፒክሰል። በተኑ ያው በተን ነው፣ መልኩ ያው መልክ ነው። የተቀየረው ሰሌዳው ላይ ያለች አንዲት ቃል ናት፤ እሷንም ለማየት ወላጁን መምረጥ ያስፈልጋል። መለስኩት፤ እንደገና አደረግሁት። መለስኩት፤ እንደገና። አምስት ስድስት ጊዜ ሳደርገው ቆየሁ። የነካሁት ልጁን ነው። የተቀየረው ወላጁ ነው። ባልደረባዬን የጠረጠርኩበትን ነገር ያደረግሁት በገዛ እጄ ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል ብዬ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ፍሬሙን «ስፋትህ ስንት ነው?» ብንለው፣ ሃግ ስለሆነ «ልጄን ጠይቁ፤ የእኔ ልክ የእሱ ልክ ነው» ይላል። ጽሑፉን ብንጠይቀው፣ ፊል ስለሆነ «ወላጄን ጠይቁ፤ እሱ የሰጠኝን ነው የምሞላው» ይላል። አንዱ ወደ ሌላው እየመራን ስንዞር እንኖራለን። ቁጥር የያዘ የለም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ሶፍትዌሩ ከሁለቱ ትእዛዞቼ አንዱን መተው ነበረበት። የኋለኛውን አከበረልኝ፣ የፊተኛውን ተወው። ወላጁንም በዚያች ቅጽበት በነበረበት ስፋት አቆመው። 140 ላይ።

ይህ የፊግማ ደንብ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። አውቶ ሌይአውት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ነው። ሃግና ፊል የሚሉት ስሞች ደግሞ በ2020 ተጨመሩ። እኔም ለዓመታት ተጠቅሜባቸዋለሁ። ሁለቱ የማይታረቁበት ቦታ እንዳለ ግን አንድም ቀን ቆም ብዬ አላሰብኩም ነበር። የፍሬምን ጠርዝ በማውዝ ስጎትተው ፊክስድ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ያኔ እጄ ጠርዙ ላይ ነውና ያደረግሁት ይታወቀኛል። ልጁን ነክቼ ወላጁ ሲቀየር ግን እጄ ሌላ ቦታ ነው። ዓይኔም እንዲሁ።

በአፕል በኩል የሚሠሩ ዴቨሎፐሮች ይህን ጣጣ ቀድመው አይተውታል። የእነሱ አውቶ ሌይአውት እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ማክ፣ በ2012 ወደ አይፎን ሲመጣ፣ ከሥሩ ካሶዋሪ የሚባል የስሌት ዘዴ ነበረው። እዚያ እያንዳንዱ ትእዛዝ የክብደት ቁጥር ይሰጠዋል። ይዘቴን ልቀፍ የሚለው ፍላጎት በተለምዶ 250 ነው። ይዘቴ አይጨፍለቅ የሚለው 750። ትእዛዞች ሲጋጩ ከባዱ ያሸንፋል። አስቸጋሪ ነው፤ ብዙ ሰው ያማርርበታል። ግን አንድ ነገሩን ወድጄዋለሁ። የቱ ይበልጣል የሚለውን ሰውየው ራሱ ነው የሚወስነው። እኔ ደግሞ ያን ውሳኔ መወሰን እንዳለብኝ እንኳን ሳላውቅ ነው የተወሰነልኝ።

140 የማን ልክ ነው?

ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣ። 140 ከየት የመጣ ቁጥር ነው?

ጽሑፉን ፊል ሳደርግ በተኑ ላይ የነበረው ቃል «ኮንፈርም» ነው። በእንግሊዝኛ ሰባት ፊደል። የዚያ ቃል ስፋት፣ የቀስቱ ስፋትና የግራ ቀኙ ፓዲንግ (ባዶ ክፍተት) ተደምረው 140 ሆኑ። በተኑ በዚያ ልክ ተሰፋ። ከዚያ በኋላ የመጣ ቃል ሁሉ በዚያ ልብስ ውስጥ መግባት ነበረበት። አማርኛም።

አማርኛውን መጀመሪያ «ያረጋግጡ» ብቻ ብዬው ነበር። አምስት ፊደል ነው፤ ምናልባት ይበቃው ነበር። ግን አንድ የማኅበሩ ሠራተኛ አነበበችውና «ምኑን ነው የሚያረጋግጡት?» አለችኝ። ልክ ናት። በእንግሊዝኛ ብቻዋን የምትቆመው ቃል በእኛ ጎደሎ ትመስላለች። «ክፍያዎን ያረጋግጡ» አልነው። ደግሞ «አረጋግጥ» ማለት አንችልም፤ ለወንድ ብቻ ነው። «አረጋግጪ» ለሴት ብቻ። እኚያን እናት ደግሞ በሁለቱም ማናገር ነውር ነው። ስለዚህ የአክብሮቱን እንጠቀማለን። በእንግሊዝኛ የማይነሣ ጥያቄ በእኛ እያንዳንዱ በተን ላይ ይነሣል፤ መልሱም ቦታ ይፈልጋል።

የፊደል ቁጥርም ያታልላል። የግዕዝ ፊደል በቁጥር ያንሳል፣ በስፋት ግን ይበልጣል። «መ»ን ወይም «ጨ»ን ከእንግሊዝኛው ቀጭን «አይ» አጠገብ አቁሙትና እዩት። ፎንቱም ሲቀየር ነገር ይቀየራል። ለእንግሊዝኛው የመረጥኩት ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ለአማርኛው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ተጠቅሜያለሁ። እያንዳንዱ ፎንት የራሱ የመስመር ቁመት አለው። የመስመሩን ቁመት አውቶ ብሎ የተወ ሰው፣ ፎንት ሲቀይር ሃግ ያደረገው ሳጥን ሁሉ ቁመቱ ሊቀየርበት ይችላል። እኔ 24 ብዬ ቆርጬ ስለነበር ከዚህኛው ተርፌያለሁ።

ማኅበሩ አፋን ኦሮሞም ይፈልጋል፤ ያኔ ገና አልደረስንበትም ነበር። የዚያን ማታ ግን ሞከርኩት። «እንኳን ደህና መጡ» ክፍተቱን ጨምሮ 11 ሆሄ ነው። በአፋን ኦሮሞ «ባጋ ናጋን ዱፍተን» በቁቤ ሲጻፍ 19 ነው። ቁቤ ረዥሙን አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ የሚጠብቀውን ተነባቢም ይደግማል። እንግሊዝኛው ሰላምታ ሰባት ፊደል ነው። ሦስት ቋንቋ፣ ሦስት ልክ። እኔ ግን ሁሉንም ሳጥን የቆረጥኩት በአጭሩ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። አማርኛ አፍ የፈታሁበት ቋንቋ ነው። የሚጠቀሙበትም አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ታዲያ ለምን በእንግሊዝኛ ጀመርኩ? እውነቱን ለመናገር ማንም አላዘዘኝም። ዲዛይን የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው፣ ናሙናዎቹ እንግሊዝኛ ናቸው፣ ኪቦርዴም እዚያው ላይ ነው የሚውለው። አማርኛውን የምጽፈው እንደ ትርጉም ነበር፤ መጨረሻ ላይ፣ ማታ ላይ።

ኮዱ ውስጥ የተገኘው

በማግስቱ ዴቨሎፐራችን ዘንድ ሄድኩ። ብራውዘር ላይ በተኑ እንዲህ አይሆንም የሚል ተስፋ ነበረኝ። ብራውዘር ሳጥኖችን የሚያደራድርበት ደንብ፣ ፍሌክስቦክስ፣ ይህን ልጅና ወላጅ የሚጠያየቁበትን ክብ በሌላ መንገድ ነው የሚፈታው። ወላጁ በይዘቱ ልክ ሁን ከተባለ፣ መጀመሪያ የልጁን የተፈጥሮ ስፋት ይለካል፤ ከዚያ በኋላ ነው ትርፍ ካለ የሚያከፋፍለው። ወላጁን በአንድ ቁጥር ላይ አያቆመውም። የራሱ ጣጣ ግን አለው። ልጁ ከይዘቱ በታች አልጠብም ብሎ ገጹን ወደ ጎን የሚገፋበት ጊዜ አለ፤ ዝቅተኛ ስፋቱን ዜሮ እስኪሉት ድረስ።

ኮዱን ከፈተልኝ። በተኑ ላይ 140 ፒክሰል ተብሎ ተጽፏል።

«ለምን ጻፍከው?» አልኩት።

«ዲዛይኑ ላይ ያለው እሱ ነው» አለኝ።

ምን ልለው? ከፋይሉ ላይ ያነበበውን ነው የጻፈው። ቁጥሩ እዚያ ያለው እኔ አስቤበት እንደሆነ ነው የገመተው። ያላሰብኩት ቁጥር ከእኔ ፋይል ወጥቶ የእሱ ኮድ ውስጥ ገብቷል። ትንሽ ቢቆይ ደግሞ አባላቱ ስልክ ውስጥ ይገባ ነበር።

እንደገና ሲሠራ

ማስተካከያው ራሱ ረዥም አልነበረም። በተኑን ራሱን ፊል አደረግሁት። አሁን ጽሑፉ በተኑን ይጠይቃል፣ በተኑ የታችኛውን ክፍል፣ የታችኛው ክፍል ስክሪኑን። ስክሪኑ 360 ይላል። ቁጥር የያዘው እሱ ብቻ ነው። ከግራና ከቀኝ 16፣ 16 ሲቀነስ ለበተኑ 328 ይደርሰዋል። «ክፍያዎን ያረጋግጡ» እዚያ ውስጥ በአንድ መስመር ተቀመጠ። አፋን ኦሮሞውም ተቀመጠ።

ግን ይሄ ብቻ አላረካኝም። ሰው የስልኩን ፊደል ያተልቃል። በተለይ እንደ እኚያ ያሉ እናቶች። ጽሑፉ ያኔም ይሰበራል፣ የላይኛው ክፍል ያኔም ያጥራል። ስለዚህ የላይኛውን ክፍል ወደ ታች እንዲሳብ አደረግሁት። የክፍያዋን መስመር ደግሞ ከላይኛው አውጥቼ በታችኛው ክፍል ውስጥ፣ ከበተኑ ጋር አንድ ላይ አሰርኳት። አሁን በተኑ የሚታይበት ቦታ ሁሉ የሚቆረጠውም ይታያል። የታችኛው ክፍል በ24 ቢያድግ፣ በ48ም ቢያድግ፣ ይዟት ነው የሚያድገው።

ሌሎቹንም ስክሪኖች አንድ በአንድ ከፈትኩ። ሳልፈልገው ፊክስድ የሆነ ሃያ ሦስት ቦታ አገኘሁ። አንዳንዱ ምንም አይጎዳም። ሁለቱ ግን የብድር ወለድ የሚጻፍበት ሳጥን ነበሩ። እነሱ ላይ ቆሜ ብዙ አየኋቸው። አሁን አዲስ ስክሪን ስጀምር መጀመሪያ የምጽፈው አማርኛውን ነው፤ ከሦስቱ ረዥሙን አፋን ኦሮሞም እዚያው ወዲያው አስገብቼ አየዋለሁ። እንግሊዝኛው በመጨረሻ ይገባል። እሱ የትም ይበቃዋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እኚያን እናት መልሰን ጠራናቸው። ያው ስልክ፣ ያው ለልጃቸው የሚላክ 2,000 ብር። መነጽራቸውን አስተካከሉ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እያስኬዱ ጮክ ብለው አነበቡ። ስሙን፣ ብሩን። ጣታቸው ወደ ታች ወረደ።

«የአገልግሎት ክፍያ፣ 12 ብር» አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። «ይቺ ናት የሚቆርጧት?»

«አዎ እማማ፣ እሷ ናት።»

ትንሽ አሰቡ።

«ቅዳሜ ይመጣ የለ? እጁ ላይ እሰጠዋለሁ» አሉና «ይመለሱ» የሚለውን ተጫኑ።